ግብር ይከፈል፤ ግን ማን ይክፈል? ማንስ ይገምት?

ባለፈው ሳምንት ከእራት በኋላ በመመገቢያ አዳራሻችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ። መነሻው ቀላል ነበር። ዓምና ተመርቆ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመምህርነት የተቀጠረ ወዳጃችን ሊጠይቀን መጥቶ፣ የደመወዝ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «ይህ ሁሉ የተቆረጠው ገንዘቡ እጄ ሳይደርስ ነው፤ የት እንደ ገባ የሚነግረኝ አለ?» ሲል ጠየቀን። ሕግ የሚማረው ተነሥቶ አዋጁን ጠቀሰለት። ኤኮኖሚክስ የሚማረው ስለ በጀት ጉድለት አስረዳው። አባቱ ነጋዴ የሆነው ልጅ ግን «አንተስ ቢያንስ የተቆረጠብህን ታውቀዋለህ፤ የእኛን ቤት ገቢ የሚያውቀው ገማቹ ብቻ ነው» ብሎ ሁላችንንም ዝም አሰኘን።

ከዚያ ምሽት ወዲህ በነገሩ ስንወያይ ሰንብተን የደረስንበትን በዚህ መጽሔት ለማቅረብ ወደድን። ግብር የገንዘብ ሚኒስቴር ጉዳይ ነው እንጂ ተማሪን አይመለከተውም የሚል ጓደኛ ቢኖር አንድ ነገር እናስታውሰው። የተማርንበት ወንበርና ያሳደገን ትምህርት ቤት በግብር የቆመ ነው። ስንመረቅም በወጪ መጋራት ውል የፈረምነው ዕዳ ከደመወዛችን እየተቆረጠ ይመለሳል። እንግዲህ ዛሬ ተቀባዮች፣ ነገ ከፋዮች ነን ማለት ነው። በዚህ ላይ ከመካከላችን ነገ ወንበር ይዞ የሌላውን ሰው ገቢ የሚገምት፣ ረቂቅ አዋጅ የሚያዘጋጅ፣ በችሎት ላይ የሚፈርድ አለ። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛ ነው።

«ግብር» የሚለው ቃላችን ሁለት ፊት አለው። ባላገሩ ግብር ያገባል፤ ጌታው ግብር ያበላል። የሚገባውም የሚበላውም በአንድ ስም ይጠራል። በቀድሞው ዘመን በአዳራሽ የሚጣለው የግብር ገበታ የሚሞላው ባላገሩ ባገባው እህልና ማር፣ ነድቶ ባመጣውም ሰንጋ ነበር። ዳሩ ግን ያገባው ሁሉ ከገበታው አይቀርብም ነበር። ዛሬ ሰንጋው በብር ተለውጧል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ያገባው ሰው ከገበታው ይቀርባል ወይ? ከቀረበስ በስንተኛው ተራ ነው?

ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በሦስት ተከፈለ። ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 50 ብር፣ ለለም ጠፉ 40፣ ለጠፉ 15 ብር በዓመት እንዲከፈል ተወሰነ፤ በዚህም ውስጥ የአሥራቱ ምትክ የሆነው ክፍያ ይገኝበታል። ጋሻ እንደየአገሩ ልኩ ይለያይ እንጂ ወደ 40 ሄክታር የሚጠጋ ነው። በወረቀት ሲታይ ሸክሙ በባለመሬቱ ላይ የወደቀ ይመስላል። በሥራ ላይ ግን ብዙው ባለርስት አሥራቱን ከጭሰኛው አውድማ ላይ በእህል እየሰፈረ ይቀበልና፣ ለመንግሥት በጋሻ የተቆረጠውን ገንዘብ ብቻ ይከፍል ነበር። የእህሉ ዋጋ ከገንዘቡ ሲበልጥ ትርፉ የማን እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር፣ ከዚያም ወዲያ የጤና ግብር በመሬቱ ላይ ተጨመረ። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱና ሐኪም ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከገበሬው ደጅ ርቆ በከተማ ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሲሄዱ፣ ከጥያቄያቸው ሥር የነበረው አንዱ ነገር ይኸው ነው፤ አራሹ ለጌታውም ለመንግሥትም እየገበረ ከሁለቱም ገበታ ርቆ ነበርና።

በኅዳር 1960 ዓ.ም. አሥራት ቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ብዙ የሚያገኝ ብዙ ይክፈል የሚል ነው። ነገር ግን ሰው ምን ያህል እንዳገኘ ለማወቅ ገማች ያስፈልጋል። ወደ ጎጃም ገማቾች ሲላኩ ባላገሩ ዛሬ የሚገመት መሬት ነገ ይነጠቃል ብሎ ጠረጠረ። ጠርጥሮም እምቢ አለ። ነገሩ ወደ ዐመፅ ተለወጠ፤ ጦር ተላከ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ከሥልጣናቸው ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። መንግሥት ያሰበውን ገንዘብ አላገኘም፤ ባላገሩም የሞተበትን ሰው አላገኘም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ለጌታው የሚገባው ቀረ። ገማቹ ግን አልቀረም። ጎጃም ገማቾችን እምቢ ካለ ግማሽ ምዕት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም.፣ ደረጃ «ሐ» በተባሉ ትንንሽ ነጋዴዎች ላይ «የቀን ገቢ ግምት» ወጣ። በኦሮሚያ ብዙ ከተሞች፣ አምቦንና ወሊሶን ጨምሮ፣ ሱቆች ተዘጉ፤ በአዲስ አበባም ብዙ ነጋዴ አቤቱታ ለማቅረብ ተሰለፈ። የነጋዴው ልጅ ያነሣው ነገር ያን ዓመት በቤታቸው የደረሰው ነው። አባቱ በአንዲት የወረዳ ከተማ ሳሙና፣ ዘይት፣ ክብሪትና ደብተር ይሸጣሉ። ገማቾቹ የመጡት ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን ነው። የገባውን ደንበኛ አዩ፤ መደርደሪያውን አዩ፤ ጽፈው ሄዱ። በኋላ የመጣው ወረቀት ሲታይ የቅዳሜው ሽያጭ ለዓመቱ ቀናት ሁሉ የተባዛ ይመስል ነበር። በክረምት መንገድ የተቆረጠበት ቀን፣ ለልቅሶ የተዘጋበት ቀን፣ በዱቤ ተሰጥቶ ያልተመለሰው ዕቃ አልታሰበም። እኒህ ሰው ግብር አልከፍልም አላሉም። «ልክፈል፤ ግን ከምን ተነሥታችሁ ይህን አላችሁ?» ብለው ነበር የጠየቁት። መልስ የሰጣቸው አልነበረም።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ስናያቸው አንድ ነገር ተገለጠልን። ሕዝባችን ከግብር ጋር ይጣላል ሲባል ብዙ ጊዜ የተጣላው ከግምት ጋር ነው። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ ለመልካም ግብር ካስቀመጣቸው አራት መመዘኛዎች አንዱ ይኸው ነው፤ ከፋዩ የሚከፍለው መጠንና ጊዜ የታወቀና የተወሰነ ይሁን ይላል። ያልተወሰነ ግብር ከፋዩን በሰብሳቢው ፈቃድ ሥር ይጥለዋል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል በሚባልበት አገር ደግሞ ይህ ምን እንደሚያስከትል ለአንባቢ ማስረዳት አይገባንም።

አሁን በመካከላችን ያለውን የሐሳብ ልዩነት እናቅርብ። ሦስት ወገን ነው።

የመጀመሪያው ወገን ግብር ይጨመር ይላል። ማስረጃውም ቀላል አይደለም። ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 12 በመቶ አካባቢ ደርሶ የነበረው የግብር ገቢ በቅርብ ዓመታት ከ10 በመቶ በታች ወርዷል። ገቢ ሲያንስ መንግሥት ይበደራል፤ ወይም ገንዘብ ያሳትማል። ገንዘብ ሲታተም ዋጋ ይወደዳል፤ የዋጋ መወደድም ማንም ያላወጀው፣ ድኻውን አስቀድሞ የሚመታ ግብር ነው። ስለዚህ በግልጥ ታውጆ የሚከፈል ግብር ይሻላል ይላሉ። ይህ ክርክር ሊናቅ አይገባውም።

ሁለተኛው ወገን ግብር ይቀነስ ይላል። ነጋዴው ካልተረፈው ሱቁን አያሰፋም፤ ሱቁን ካላሰፋ ሰው አይቀጥርም፤ ሰው ካልቀጠረ እኛ ተመርቀን የት እንገባለን? ግብር ሲከብድ ነጋዴው ፈቃዱን መልሶ በጓሮ ይነግዳል፤ የቀረው ሐቀኛ ደግሞ የሸሸውን ድርሻ ጭምር እንዲከፍል ይደረጋል። ይህም እውነትነት አለው።

ሦስተኛው ወገን ደግሞ «በመጀመሪያ የገባው ይታይ» ይላል። እስካሁን የከፈልነው ምን እንደ ሠራ ሳይነገረን ስለ መጨመርና ስለ መቀነስ አንነጋገርም ባይ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደ ተባለው፣ መንገዱ በሬዲዮ ይሠራል፤ ውሃው በሪፖርት ይመጣል ይላሉ።

እኛ ሦስቱንም አድምጠን ስናበቃ፣ ክርክሩ «ምን ያህል» በሚለው ላይ ብቻ መቆሙ ስሕተት ነው አልን። የሚቀድመው «ማን ይክፈል» የሚለው ነው። ለዚህ ደግሞ የወዳጃችንን የደመወዝ ወረቀት እንመልከት።

በ1994 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከደመወዝ ግብር ነጻ የሆነው በወር እስከ 150 ብር ነበር። ይህ ልክ ለ14 ዓመት ሳይነካ ቆየ። በ2008 ዓ.ም. ወደ 600 ብር ከፍ አለ፤ ከ10,900 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ተጣለ። ይህም 9 ዓመት ቆይቶ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ነጻው ወደ 2,000 ብር፣ የ35 በመቶው መነሻ ወደ 14,000 ብር ተሻሻለ። በወር 10,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ በፊተኛው ሠንጠረዥ 2,045 ብር ይከፍል ነበር፤ በአዲሱ 1,650 ብር ይከፍላል። 395 ብር ቀረለት። መልካም ነው፤ ምስጋና አንነፍግም።

ነገር ግን በእነዚያ 9 ዓመታት መካከል የሆነውን እንይ። የእንጀራ፣ የዘይት፣ የቤት ኪራይ ዋጋ ስንት እጥፍ እንደ ሆነ እናቶቻችን ያውቁታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሠራተኛው ደመወዝ በቁጥር ከፍ ሲል፣ በገበያ የሚገዛው ግን ሲያንስ፣ ሠንጠረዡ በቆመበት ስለ ቀረ ድኻው ሠራተኛ ለሀብታም በተዘጋጀው እርከን ላይ ወጣ። ፓርላማው ሳይወያይ፣ አዋጅ ሳይታወጅ፣ ግብሩ በየዓመቱ ጨመረ ማለት ነው። ከዚህም ጋር ደመወዝተኛው መሸሸጊያ የለውም። ነጋዴ ደረሰኝ ሊደብቅ፣ ባለሕንጻ ኪራዩን ሊያሳንስ ይችላል፤ የመምህሩና የነርሷ ግብር ግን ደመወዙ እጃቸው ሳይገባ ይቆረጣል። ስለዚህ በአገራችን ግብር በሙሉ ልክ የሚከፍለው ሀብታሙ አይደለም፤ የሚታየው ነው።

ተጨማሪ እሴት ታክስም እንዲሁ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ 15 በመቶ ሆኖ ይሠራበታል። አንዳንድ መሠረታዊ ነገሮች ነጻ መሆናቸውን አንክድም። ቢሆንም በአንድ ሳሙና ላይ ዘበኛውና ባለፋብሪካው እኩል ይከፍላሉ። ዘበኛው ያገኘውን ሁሉ ገዝቶበት ያድራል፤ ባለፋብሪካው ግን ከገቢው ብዙውን ያስቀምጣል። ከገቢያቸው ጋር ሲነጻጸር የዘበኛው ሸክም ይበልጣል። በሰብሳቢው በኩል ይህ ግብር ምቹ ነው፤ ምቾቱ ግን ፍትሕ አያደርገውም።

ሳይነካ የኖረው የከተማ ቤትና ቦታ ነው። መንገድ በጠረገ ቁጥር ዋጋው በእጥፍ የሚያድገው ቦታ፣ ባለቤቱ ምንም ሳይሠራ በሕዝብ ገንዘብ የበለጸገ ነው። አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. የጣሪያና ግድግዳ ግብርን ከፍ አደረገች፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ በፓርላማ ጸደቀ። በመሠረቱ እንደግፈዋለን። ዳሩ ግን እዚህም ላይ ገማቹ ተመልሶ መጣ! ከባለቤታቸው የቀረላቸውን አንድ ቤት ይዘው በጡረታ የሚኖሩ እናት ቤታቸው በግምት ሚሊዮን ቢያወጣም ሚሊዮኑ በእጃቸው የለም። አምስት ቤት የሚያከራየውንና እኒህን እናት በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም።

ስለዚህ የሚከተሉትን እናሳስባለን።

አንደኛ፤ የደመወዝ ግብር ሠንጠረዥ በየዓመቱ ከዋጋ ዕድገት ጋር እንዲስተካከል በሕግ ይወሰን። የስታቲስቲክስ አገልግሎት የዋጋ ለውጥን በየወሩ ያወጣል፤ ቁጥሩ አለ። ሠራተኛው 14 ዓመትና 9 ዓመት ቆሞ ምሕረት የሚጠብቅበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛ፤ ግምት ሲሠራ ምክንያቱ ተጽፎ፣ ከፋዩ በሚያነበው ቋንቋ ይሰጠው። በአንድ የገበያ ቀን አይወሰን። የነጋዴዎች ምርጫ ያላቸው ሰዎች ይገኙበት። መዝገብ የሚይዝ ትንሽ ነጋዴ በመዝገቡ ይዳኝ፤ መዝገብ መያዝ የማይችለውንም እኛ የሒሳብ ተማሪዎች በክረምት ሄደን እናስተምረው።

ሦስተኛ፤ አቤቱታ ቀላል ይሁን። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ከፋዩ በግብር ይግባኝ ኮሚሽን ፊት ለመቆም በክርክር ላይ ያለውን ግብር ግማሽ አስቀድሞ እንዲከፍል ያዛል። ትልቁ ኩባንያ ይህን ይችላል። ባለሱቁ ግን ግማሹን ለማስያዝ ሱቁን መሸጥ አለበት። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ ከተባለበት ዘመን ወጥተናል የምንል ከሆነ፣ ቢያንስ ለትንንሾቹ ከፋዮች ይህ መያዣ ይቅር።

አራተኛ፤ በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ በዓመቱ ምን ያህል እንደ ገባና በምን ላይ እንደ ዋለ ይለጠፍ። ከዚሁ ጋር ከቀረጥና ከግብር ነጻ የተደረጉ ኢንቨስተሮች እነማን እንደ ሆኑ፣ መንግሥት በዚህ ምን ያህል እንዳጣ ይታተም። የማይታይ ምሕረት ከማይታይ ግብር አይሻልም።

አምስተኛ፤ የንብረት ታክስ ከሁለተኛው ቤት ይክበድ። አንድ ቤት ብቻ ላላቸው ጡረተኞች ክፍያው ቤቱ እስኪሸጥ ወይም በውርስ እስኪተላለፍ ይቆይላቸው።

«ይህ ሁሉ ገቢ ያጎድላል» የሚል ተቃውሞ እንደሚቀርብ እናውቃለን። ከደመወዝተኛው በኩል ይጎድላል፤ አንክድም። ከማይነካው ቤትና ቦታ፣ ሳይመረመር ከሚሰጠው ነጻ መብት ግን ይሞላል። ከዚህም በላይ የተሰጠው ግምት ትክክል ነው ብሎ የሚያምን ነጋዴ ፈቃዱን አይመልስም፤ ሱቁን አይዘጋም። በጎጃም የሆነውን አይተናል። ጎረቤታችን ኬንያ በሰኔ 2016 ዓ.ም. የፋይናንስ ረቂቅ ሕጉን ለማስመለስ የወጣቶች ደም ፈስሷል፤ ረቂቁም በመጨረሻ ተጥሏል። አስቀድሞ በሰላም መከራከር ለመንግሥትም ለሕዝብም ይረክሳል።

ለራሳችንም አንድ ቃል እናክል። ብዙዎቻችን ግብርን የምናወግዘው ከፋይ ስንሆን ብቻ ነው። ነገ ከመካከላችን አንዱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ቅዳሜ ቀን ከአንድ ሱቅ በር ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ የሚጽፈውን ቁጥር የሚያስተምረው የሒሳብ መምህር የለም፤ የሚቆጣጠረው ኅሊናው ነው። እንዲያ ያለ ቀን ሲመጣ እሑድንና ሰኞንም ያስብ፤ ዝናቡንና ልቅሶውንም ይቁጠር።

መምህሩ ወዳጃችን ወረቀቱን አጥፎ ወደ ኪሱ ሲመልስ «መክፈሉን እከፍላለሁ፤ የማስተምርበት ክፍል ግን መስኮት የለውም» ብሎ ነበር። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ይከፈል፤ መስኮቱም ይገባ። ከዚህ የተለየ አስተያየት ያለው ጓደኛ ቢኖር ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ቁጥር ጽሑፉን ለማንበብ እንጠባበቃለን።